ለፕሮግራመር የተላኩ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሦስት ሽማግሌዎች ደሴ ውስጥ አንድ ቤት ገብተው፣ ተቀመጡ ሲባሉ አንቀመጥም አሉ። አብሬያቸው የቆምኩት አራተኛው ሰው እኔ ነበርኩ፤ ጋዜጠኛ ነኝ።

ለሌላ ጉዳይ ነበር የወጣሁት። ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ሠራተኞችን የሥራ ሰዓት የሚመዘግብ ሶፍትዌር የሚሠራ ኩባንያ አለ። መሥራቿን ኩባንያውን ስታሳድግ ስለ አመራር ምን እንደተማረች ልጠይቃት ቀጠሮ ይዤ ነበር። ስደርስ መኪናዋን አስነስታለች። ከመጀመሪያው ቀን አብሯት የሠራውን ፕሮግራመር በስብሰባ መሃል "አንተን ከምጠብቅ በበጋ ዝናብ ብጠብቅ ይሻለኛል" ብላዋለች። እሱም ደሴ ቤተሰቦቹ ጋ ገባ፤ ስልኳን አያነሳም። ሶፍትዌሩን ከሥር ከመሠረቱ የሚያውቀው ደግሞ እሱ ብቻ ነው።

"ስለ አመራር መጠየቅ ከፈለግህ ግባ" አለችኝ። ከኋላ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

ደሴ ስንደርስ እሷ መኪናው ውስጥ ቀረች። የፕሮግራመሩ አባት የቆሙትን ሽማግሌዎች አይተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አክብራችሁ መጥታችኋል። ግን ልጄ ትምህርቷን ሳትጨርስ ለባል አልሰጥም።"

"ለሷ አይደለም" አሉ ታላቁ ሽማግሌ፣ ሐጂ ናቸው። "የመጣነው ለወንድሟ ነው።"

አባትየው ወደ ሐጂ ዞሩ። "ጠያቂው ማነው?"

"አለቃው። ውጭ መኪና ውስጥ ናት።"

"ወላሂ፣ ወንድ በሽማግሌ ሲጠየቅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። በሉ ተቀመጡ።"

ፕሮግራመሩ ተጠራ። እህቱ ከጓዳ "ጥሎሹን ሳታይ እሺ እንዳትል" አለችው።

ሐጂ አለቃዋንም አስገቧት። "እንደ ተቋም የነበረብንን የመግባባት ክፍተት..." ብላ ስትጀምር አቋረጧት።

"ልጄ፣ ይሄ ስብሰባ አይደለም። አጥፍቻለሁ በይ።"

"አጥፍቻለሁ" አለች።

"ስትሰድበኝ እናንተ አልነበራችሁም" አለ ፕሮግራመሩ። "የነበሩት ሠራተኞቹ ናቸው። እነሱ ፊት ትበለው።"

"ሠራተኛ ፊት ይቅርታ ከጠየቅሁ ነገ ማን ይሰማኛል?"

"አሁንስ ስልክሽን ማን አነሳ?" አሉ ሐጂ።

 "እሺ" አለች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኮምቦልቻ ቢሮዋ ውስጥ ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስባ፣ ቆማ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ፕሮግራመሩ ቁርስ አልበላሁም ብሎ ወጣ። ግማሽ ሰዓት አስጠብቋት፣ ሦስት ሰዓት ላይ ተመልሶ ሥራ ጀመረ።