ዝም የማለት መብት

ትናንት አንድ አባት ልጁን እየጎተተ ወደማስተምርበት ክፍል ገባና እርጥብ የባሕር ዛፍ አርጩሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ቲቸር፣ እምቢ ካለዎት በዚህ ይግረፉልኝ» አለኝ። ሽታው ልጅ ሆኜ ወደተማርኩባት ማክሰኝት፣ ሦስተኛ ክፍል ድረስ መለሰኝ።

እህቴ ያኔ ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ፣ ሕግ ትማር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች የባቄላ እሸት ስታስፈለፍለን ሕገ መንግሥት ታስረዳናለች።

«የተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት አለው» አለችን አንድ ቀን።

«ልጅም?» አልኳት።

«ልጅ ሰው አይደለም እንዴ?»

እናታችን «እሱማ ድሮም ዝም አይነቅዝም» ብላ ሳቀች። እህቴ ግን አልሳቀችም። «ፈርቶ ዝም ማለትና በመብት ዝም ማለት ይለያያል» አለች። ልዩነቱ አልገባኝም።

ሰኞ ጓደኛዬ ዘሃራ የክፍላችንን መስኮት በኳስ ስትሰብር አየሁ። ዳይሬክተሩ እርጥብ የባሕር ዛፍ አርጩሜ ይዞ «ማን ሰበረው?» ሲለኝ፣ «ዝም የማለት መብት አለኝ» አልኩት። መዳፌን አስዘርግቶ ገረፈኝ። አለቀስኩ፤ ስም ግን አልጠራሁም።

ቅዳሜ እህቴ ስትመጣ ሰንበሩን አሳየኋት። «መብትሽ አይሠራም» አልኳት በንዴት። እጄን ይዛ ብዙ አየችው።

«ሕጉን ያፈረሰው እሱ ነው» አለችኝ። «አንቺማ ጠብቀሽዋል።»

ትናንት አባትየው ያስቀመጠውን አርጩሜ አነሣሁት። እርጥብ ስለነበር አልሰበር አለኝ፤ ጠምዝዤ ጠምዝዤ ለሁለት ከፈልኩት።

«ምነው ቲቸር?» አለ አባትየው።

ዝም አልኩት። መብቴ ነው።