ከየኔታ በስተቀኝ

ዘንድሮ የሕግ ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጸጉሬ ሸብቷል፤ ቀን ሥራ ውዬ ማታ ነው የምማረው። አብረውኝ የሚማሩት ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ወጣቶች ናቸው። እኔ ግን ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ፤ አንብቡ የተባለውን ሁሉ አነባለሁ፤ መምህሩ ሲጠይቅ ቀድሜ እጄን አነሣለሁ። በቅርቡ የጦርነትን ሕግ ስንጀምር መምህሩ አንድ ጽሑፍ አደለን። አዳዲስ የጦር መሣሪያዎች፣ ከመርዝ ጢስ ጀምሮ ዛሬ እስከሚሠሩት ድረስ፣ መንግሥታት ከተፈራረሙት ሕግ ጋር እንዴት እንደሚጋጩ የሚተነትን ጽሑፍ ነው። ጸሐፊው በውጭ አገር ይህንኑ የሚያስተምር የአገራችን ሰው እንደሆነ መምህሩ በኩራት ነገረን።

ስሙን አየሁት። ከዚህ ሰው ጋር በጠላት ዘመን አንድ ጎጆ ውስጥ ኖረናል፤ ለምነን ያመጣነውን ቁራሽ አብረን በልተናል። እጄን አውጥቼ ይህን ልናገር አልኩና ተውኩት። የተውኩት ስለ ትሕትና አይደለም። ስሙን በራሴ አፍ መጥራት አልፈለግሁም።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ በኋላ የኔታ ከተማውን ለቅቀው ከአምበር ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ተጠግተው ነበር። የሕጉን መጽሐፍ ትርጓሜ የሚያውቁ ሊቅ ናቸው። መጽሐፉ የመንፈሳዊውንም የሥጋዊውንም ፍርድ ይዟል፤ ድሮ ነገሥታቱ ሲፈርዱ እያስነበቡ ይሰሙት ነበር። እኔ በመርጡለ ማርያም በኩል ቅኔ ተምሬ መጥቼ በእርሳቸው ዘንድ ሕግ መማር ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር።

ትምህርቱ የሚካሄደው እንዲህ ነው። አንድ ተማሪ በግዕዝ ያነባል፤ የኔታ በአማርኛ ይተረጉማሉ፣ «አንድም» እያሉ ሌላ ሌላ ትርጓሜ ይጨምራሉ፤ የቀረነው ሰምተን በቃል እንይዛለን። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር አንባቢው ከቀኛቸው ጠጋ ብሎ፣ አፉን ወደ ጆሯቸው አድርጎ ይቀመጣል። ያ ቦታ የእኔ ነበር። ድምፄ ጥሩ ስለሆነና የሚነበበውን ከዋዜማው ስለማጠና ሰጥተውኛል። ራሳቸው የኔታም ከመምህራቸው ቀኝ ተነሥተው ነው መምህር የሆኑት። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እኔማ እያሰብኩት ነበር የምተኛው።

ይህ ሰው ያን ጊዜ እንግዳ ነው፤ የመጣው ከክረምቱ በኋላ ነው። አዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተማረ የቄስ ልጅ ነው። ጠላት ተማሪዎችን ሊገድል ሲያሳድድ አምልጦ፣ ዓባይን በእግሩ ተሻግሮ፣ በደጀን ወጥቶ እኛ ዘንድ ደረሰ። የእጁ መዳፍ ለስላሳ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ነው። ተማሪዎቹ «ፈረንጁ» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እርሱም አብሮ ይስቃል። እኔን ግን ከመጀመሪያው ቀን «ወንድሜ» አለኝ። ግዕዝ ማንበብ አስተምረኝ ብሎ ለመነኝ። አስተማርኩት። ቶሎ ያዘ።

አንድ ቀን የኔታ ስለ ጦርነት የሚናገረውን አንቀጽ ሲተረጉሙ እንግዳው ፈቃድ ጠየቀና አንድ ነገር ተናገረ። የፈረንጅ መንግሥታት ተሰብስበው፣ በጦርነት የሚያፍንና የሚመርዝ ጢስ ማንም በማንም ላይ እንዳይጥል ውል ተፈራርመዋል አለ። ጣሊያንም ፈርሟል፤ እኛም ፈርመናል። ትምህርት ቤት ሳለ መምህሩ አስነብቦት ውሉን በቃሉ ይዞታል።

የኔታ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት አውሮፕላን ከበላያችን ባለው ሸንተረር ላይ ያንን ጢስ ጥሎ ነበርና ነገሩ ለሁላችንም ተረት አልነበረም። ሣሩ ጠቁሮ፣ የበላው ከብት አልቆ፣ ሰዎችም ቆዳቸው ተልጦ ሞተዋል።

«በል እስኪ፤ በአማርኛ አድርገህ ከመጀመሪያው በለው» አሉት የኔታ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ቦታውን ልቀቅለት፤ ወደ ጆሮዬ ይቅረብ» አሉኝ።

ለዚያች ሰዓት ብቻ መስሎኝ ተነሣሁ። በማግሥቱም ግን እርሱ ተቀምጦ አገኘሁት። የኔታ የፈረንጁን ውል እንደ መጽሐፉ ቃል በቃል እያስነገሩ መተርጎም ጀመሩ። «የሚያፍን ጢስ ያለው ይህ በእኛ ላይ የወረደው ነው፤ አንድም ገና ያልተሠራው ነው፤ አንድም ውኃና እህል የሚያበላሽ ሁሉ ነው» ይላሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው ሲተረጉሙ ሰምቻቸው አላውቅም። መጽሐፉ ሲነበብ ብቻ ተነሥቶ ቦታውን ይለቅልኛል፤ ውሉ ሲነገር እኔ ከበር አጠገብ ተቀምጬ በቃሌ እይዛለሁ። ውሉን ከማንም ቀድሜ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ማንም ግን በል አላለኝም።

የአካባቢው አርበኞች መሪ የነበረው የጎበዝ አለቃም እንግዳውን ማስጠራት ጀመረ። ከጠላት የማረኩት መትረየስ አልተኩስ ብሏቸው ነበር። እንግዳው በላዩ የተጻፈውን አንብቦ፣ በቁርበት ላይ ብልቱን አንድ በአንድ ፈታና አሰናድቶ ገጠመው። ሲፈታ «ወንድሜ፣ ይቺን ያዝልኝ» እያለ ብረቱን ይሰጠኛል። ሰው ከብቦ ያየዋል፤ እኔ በቅባት የተነከረ ብረት ታቅፌ ቆሜያለሁ። መትረየሱ ሲጮኽ ሴቶቹ ለእርሱ እልል አሉ።

ቀጥሎ ደግሞ ከአውሮፕላን ከተጣሉት ቦምቦች አንዱ ሳይፈነዳ ረግረግ ውስጥ ተገኘ። እንግዳው ከሩቅ ምልክቱን አይቶ የመርዝ እንደሆነ ተናገረና ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ከአርበኞቹ መካከል ወንድሙ በዚያ ጢስ የሞተበት አንድ ሰው ነበር። ከታች ምሽግ ይዘው የተቀመጡት ጣሊያኖች ውኃ የሚቀዱት ከወንዙ ስለሆነ፣ ቦምቡን ከላይ ወስደን እንስበርባቸው አለ። ብዙዎቹ ደገፉት። የጎበዝ አለቃው ግን ነገሩ ከበደው። በሕግ ይሆናል ወይስ አይሆንም ብሎ ወደ የኔታ ላከ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወጥተው እንዲፈርዱለት ለመነ።

የኔታ ሁለታችንንም ጠሩን።

«አንተ የእኛን ታነባለህ» አሉኝ። «እርሱ የእነርሱን ይናገራል። ከዚያ ወዲያ በቀኜ ማን እንደሚቀመጥ እቆርጣለሁ፤ ዕለት ዕለት ስትነሡና ስትቀመጡ ጆሮዬን አደከማችሁት።»

እስከ እሑድ ድረስ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሰው ስለ ወንዙና ስለ መርዙ ይጨነቃል፤ እኔ ስለ ቦታዬ። አንቀጹን ደጋግሜ አጠናሁ። እንግዳው ግን ተኝቶ ያድራል፤ ጠዋት ተነሥቶ «ዝግጁ ነህ ወይ፣ ወንድሜ?» ይለኛል። ቢፎካከረኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከወይራው ሥር ተሰበሰብን። የኔታ በድንጋይ ላይ ጋቢ ተነጥፎላቸው ተቀመጡ፤ የጎበዝ አለቃው ጠመንጃውን በጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከፊታቸው ተቀመጠ። እኔ ቆሜ አነበብኩ። ከተማን የሚወጋ አስቀድሞ ሰላም እንዲያቀርብ፣ የሚበላ ፍሬ ያለውን ዛፍ እንዳይቆርጥ የሚያዘውን አንድም ሳልሳሳት ጨረስኩ። የኔታ ተረጎሙት። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ።

ወንድሙ የሞተበት ሰው ተነሣ።

«የኔታ፣ እግዜር ያሰንብትዎ። ስለ ዛፉ ሰማን። ስለ ወንድሜ ቆዳስ ምን ይላል?»

የኔታ ያን መጽሐፍ የጻፉት አባቶች እንዲህ ያለ ጢስ እንዳላዩ፣ ስሙም እንደማይገኝ አልሸሸጉም። ከዚያ እጃቸውን ወደ እንግዳው ዘረጉ።

እንግዳው ውሉን ተናገረ። እንደ እኔ ድምፁን አላነሣም፤ ሰው ለመስማት ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ሲጨርስ የጎበዝ አለቃው፣

«ሲዋዋሉ ማሉ?» አለው።

«መሐላ የለውም፤ ጌታዬ። ፊርማና ማኅተም ነው።»

«ማን ገዘታቸው? ጳጳስ ነበረ?»

«አልነበረም።»

ከኋላ የነበሩት ሳቁ። አንዱ፣ «እኔና ጎረቤቴ አንድ በሬ ስንገበያይ እንኳ ቄስ ገዝቶናል» አለ። ሌላው፣ «ፈረንጁ ወረቀት አንብቦ ሊያስተኛን ነው የመጣው» አለው። በእኛ አገር ያለ መሐላና ያለ ግዝት የተባለ ነገር እንደ ጨዋታ ነው የሚቆጠረው። እንግዳው ፊቱ ቀላ። ሊያስረዳ ሞከረ፤ በትምህርት ቤቱ አነጋገር ስለ መንግሥታት ፊርማ ክብር ሲናገር ሰው ይበልጥ ሳቀ። ወንድሙ የሞተበት ሰው ዱላውን አንሥቶ፣ «እንግዲያው እንሂድ» አለ።

በልቤ ቦታዬን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። ዝም ብል ይበቃኝ ነበር።

የኔታ ግን ራሳቸውን ደፍተው፣ «በማን ስም ነው የፈረሙት?» አሉት።

«እያንዳንዱ በንጉሡ ስም፣ የኔታ። የጣሊያኑም በንጉሡ ስም» አለ።

እርሱ የተናገረው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀም። ልጅነቱን በከተማ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ነው። እኔ ግን በችሎት ጥግ ያደግሁ የዳኛ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ወዲያው ገባኝ። የኔታም እንደገባቸው ከከንፈራቸው አየሁ፤ ሊናገሩ ነው። እንድቀደም አልፈለግሁም። አዋቂው እኔ እንደሆንኩ ሁሉም እንዲሰማ ስለፈለግሁ ሳይፈቀድልኝ ተነሣሁ።

«በንጉሥ ስም ከተባለማ ምሏል» አልኩ። «እኛ ስንዋዋል ንጉሥ ይሙት እንል የለም ወይ? ንጉሡን ጠርቶ የገባበትን ያፈረሰ ሰው ምን ይባላል?»

የጎበዝ አለቃው ጠመንጃውን ከጉልበቱ አንሥቶ መሬት አስደገፈ።

«በንጉሡ ሞት ምሎ ነዋ የጣለብን» አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞረ። «እኛም በእኛ ንጉሥ ስም ፈርመናል አልክ?»

«አዎን፣ ፈርመናል።»

«እንግዲህ እርሱ መሐላውን አፍርሶ ንጉሡን ገድሏል። እኔ የእኔን አልገድልም።» ተነሣ። «ቦምቡን ማንም እንዳይነካው። ድንጋይ ይከመርበት።»

ወንድሙ የሞተበት ሰው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ብቻውን በበሩ ወጣ። ያን ቀን ከሁሉም ይልቅ እርሱን ማየት ከበደኝ፤ ነገር ግን ብዙ አላየሁትም። ዓይኔ የጎበዝ አለቃው ላይ ነበር። አሁን ወደ እኔ ይመጣል ብዬ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

በአጠገቤ አልፎ የእንግዳውን ትከሻ ያዘ። ይህ መሐላ መፍረሱን አብረው የፈረሙት ነገሥታት ሁሉ ማወቅ አለባቸው፣ በቋንቋቸው የሚጽፍልኝ ሰው እፈልጋለሁ አለው። መትረየሱንም የሚያውቅ እርሱ ነው። ከእኛ ጋር ና አለው። በቅሎ አስመጣለት። ሽማግሌዎቹ እጁን እየጨበጡ «ሕግ አዋቂ» አሉት። እኔ የተናገርኩትን እንኳ አንዱ ሽማግሌ «ያ ልጅ እንዳለው» ብሎ ለእርሱ ሲሰጠው በጆሮዬ ሰማሁ።

እንግዳው ከመሄዱ በፊት ሮጦ ወደ እኔ መጣና አቀፈኝ። «አንተ ባትኖር መሳቂያ ሆኜ ቀርቼ ነበር፣ ወንድሜ» አለኝ። እውነቱን ነው። በውጭ አገር የሚያስተምረው ያ ሕግ፣ በእኛ አገር ሕግ ሆኖ የተሰማው በእኔ አፍ ነው። ጽሑፉን ዘንድሮ ሳነብ ይህ የተጻፈበት ቦታ ካለ ብዬ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈለግሁ። የለም። መኖርም የለበትም፤ ጽሑፉ ስለ መሣሪያና ስለ ውል ነው እንጂ ስለ እኛ ግቢ አይደለም። ይህንን አውቄም ፈለግሁ።

የኔታን እየመራሁ ወደ ጎጇችን ተመለስን። ከጎጆው ስንደርስ መታገሥ አቃተኝ።

«የኔታ፣ በቀኝዎ ማንን ሊያስቀምጡ ቆርጠው ነበር?»

«እርሱ ሄደ አይደል?» አሉኝ።

በማግሥቱ በቀኛቸው ተቀመጥኩ። ማንም አልከለከለኝም፤ ማንም አልተፎካከረኝም። መጽሐፉን ከፍቼ ልጀምር ስል እጃቸውን በገጹ ላይ አሳረፉ።

«መጀመሪያ ያን ውል በልልኝ።»

ከማንም ይልቅ የያዝኩት እኔ ነኝና በጥሩ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳልጥል አልኩት። ጆሯቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ልክ ነው» አሉ። «እርሱ ግን እንዲህ አይቸኩልም ነበር።»

ዝግ ብዬ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደገና ጀመርኩት።