የዕድራችን አፕ አይፎን ላይ አልሠራ ሲል

ሶዶ ውስጥ የዕድራችንን ጥሩንባ በአፕ እተካለሁ ብዬ የተነሣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት መርዶው በየስልኩ ይደርሳል። አባላቱ ሁሉ በአንድሮይዳቸው ጭነውታል፤ አይፎን የያዝኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሊቀ መንበራችን ጋሽ ጳውሎስ ግን «እስከ እሑድ ጉባኤ ካልሠራ ወደ ጥሩንባችን እንመለሳለን» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

ቅዳሜ ለሥራ ወደ በዴሳ ከተማ ሄጄ ሳለ ላፕቶፔን ከፍቼ ሞከርኩት። በሌላ ሰው ስም መርዶ መጻፍ ሟርት ስለሆነ የራሴን ስም አስገብቼ ላክሁ። አይፎኔ ላይ አፑ ብልጭ አለና ተዘጋ። ጥቂት ነካክቼ ደግሜ ላክሁ፤ አሁንም ተዘጋ። እኔ ጋ ያልደረሰ ማን ጋ ይደርሳል ብዬ፣ የስልኬ ባትሪ እስኪያልቅ መላኬን አላቆምኩም።

አመሻሽ ላይ ሶዶ ከሚኒባስ ወርጄ ቤቴ ስደርስ፣ በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። አዛውንቱ አከራዬ ትዝ አሉኝና እርምጃዬን አፈጠንኩ። ጋሽ ጳውሎስ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወንበር ያስደረድራሉ።

«ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ያ አፕ የሚሠራልን ልጅ ነዋ!» አሉ ሳይዞሩ። «ምስኪን፣ መርዶው ከጠዋት ጀምሮ ፋታ አልሰጠንም።»

አንድሮይድ ላይ ይሠራል ማለት ነው።