ረቡዕ ረቡዕ የሚዘምረው ኳየር

ልጅ ሳለሁ በእኛ ቤት ሰውን ቶሎ ማመን እንደ ዝርክርክነት ይቆጠር ነበር። አባቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የቁጥጥር ክፍል ይሠራ ስለነበር፣ ቀኑን ሙሉ ሲጠረጥር የዋለበትን ዓይን ማታ ይዞት ይገባል፤ የወተቱን መቅጠን፣ የዘመድ ድንገት ብቅ ማለት፣ የእኔን ከትምህርት ቤት ትንሽ መዘግየት፣ ሁሉንም ከጀርባው ምን አለ ብሎ ያያቸዋል። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና፣ ተረት ሲነገረኝ እንኳ ጅቡን አማርኛ ማን አስተማረው ብዬ የምጠይቅ፣ ተራቾችን የማሰለች ዓይነት ነበርኩ።

ስለዚህ ሚስ አይሪን የግቢያችንን ሰርቪስ ቤት ሊከራዩ የመጡ ዕለት ጥርጣሬው ከዕቃቸው ቀድሞ ገባ። ያኔ የምንኖረው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ አሁን ሰፊ መንገድ የሆነ ቦታ ላይ ነበር። ሚስ አይሪን ግሬናዳ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት በወጣትነታቸው ከባላቸው ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላም ላንቻ አካባቢ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። አማርኛቸው ከእኛ ከልጆቹ የበለጠ ጨዋ ነበር። ልጅም ዘመድም በአገሩ አልነበራቸውም፤ እኛ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ስንቱ አከራይ ብቸኛ አሮጊት ነች፣ ነገ ብትታመም ለእኔ ነው የምትተርፈው እያለ እንደመለሳቸው እናቴ ኋላ ነግራኛለች። አባቴም ቢሆን የተቀበላቸው በእናቴ ልመና ነው።

ክረምት ነበር፤ መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ክረምት። ሰፈሩ ጨለማ በሆነበት ምሽት ሁሉ ሚስ አይሪን የከሰል ማንደጃቸውን በራቸው ላይ፣ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር ያወጡና እሸት በቆሎ ይጠብሱልናል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ከወለሉ ላይ የተቀመጠችው ፋኖስ አገጫቸውን ብቻ አብርታ ግንባራቸውን ለጨለማው እየተወችው፣ እንደዚያ ባለ ሰዓት የሚነግሩን ተረት ስለ ጦጣ ወይም ስለ ቀበሮ ሳይሆን በአገራቸው ስላለ አንድ ኳየር ነበር። እንደ ጀግና ነበር የሚያወሩለት። ከወጣበት ገብቶ፣ ወድቆ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ ጀግና።

ኳየሩ ለውድድር ወደ ጎረቤት ደሴት በጀልባ ሲሄድ ማዕበሉ ሁሉንም አስታውኳቸው፣ መድረክ ላይ ሲወጡም መሬቱ ገና ከሥራቸው ይናወጥባቸው ስለነበር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዘምረው ዋንጫውን ይዘው ተመለሱ። አውሎ ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ በወሰደ ጊዜ ከመንደር መንደር እየዞሩ ዘመሩና ጣሪያው ተመለሰ። ግማሹ የአገሩ ወጣት ለሥራ ወደ እንግሊዝ ሲሰደድ ደግሞ እዚያው ድረስ ሄደው ዘመሩለት፤ አዳራሹ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ የተቀመጠው ሕዝብ የሰፈሩን ዜማ ሲሰማ ሳያዙት ከመቀመጫው ተነሣ። ሚስ አይሪን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ ይላል፣ በቆሎው በአንድ በኩል ያራል፣ እኛም ያረረውን ዝም ብለን እንበላዋለን። የመሥራቾቹ የልጅ ልጆች አሁንም እንደሚዘምሩ ሲናገሩ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ ደሴቲቱን ለማየት እሞክር ነበር። እወደው ነበር፤ አላምነውም እንጂ እወደው ነበር።

እራት ላይ አባቴ ምን እንዳወሩን ይጠይቀኛል። አንድ ማታ፣ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ኳየር ነው አለኝ። በማግሥቱ ጠይቄ መልሱን አመጣሁለት፦ የማንም አይደለም። ካቶሊኩም፣ አንግሊካኑም፣ የትም የማይሳለመውም አንድ ላይ ይዘምራል፤ የማንም እሑድ እንዳይነካ ብለውም የሚለማመዱት ረቡዕ ረቡዕ ነው።

አባቴ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰው። ያኔ በእኛ ሰፈር ኳየር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው ጴንጤን ነው፤ እንደ እኛ ባለ ቤት ደግሞ መዘምራን ካለ ደብር አለ፣ ደብር ካለ ታቦት አለ፣ ቤተ ክርስቲያን የሌለው መዘምራን በምንም መንገድ አይታሰብም። በዚያ ላይ ረቡዕ። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ መርጠው ለምን በጾም ቀን? እናቴ ለግሬናዳ ሰዎች የእኛን ጾም ማን ነገራቸው ብትለውም አልሰማትም። ሴትዮዋ የደበቁት ነገር አለ፣ ልጆቻችንን በበቆሎ እያባበሉ ሊወስዷቸው ነው አለ። እኔም ከዚያ በኋላ ማንደጃው ዳር ስቀመጥ ጆሮዬን እንደ አባቴ ጆሮ አድርጌ ነው።

እንደዚያ ሆኜ ስሰማ ነው የማይገጥም ነገር ያገኘሁት። መጀመሪያ ሰሞን ኳየሩን የመሠረቱት ገውዝ የሚባለውን ቅመም የሚለቅሙ ሴቶች ናቸው ብለውን ነበር። በባሕሩ ዳር መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ገውዝ ሲለዩ ማውራት ክልክል ነው፤ መዝፈን ግን ክልክል ነው ያለ ሰው ስለሌለ አንዲት አዋላጅ የነበረች ሴት ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት፣ ኳየሩም ያኔ ተወለደ። ነሐሴ ሲጋመስ ግን፣ እሳቱን በክዳን እያራገቡ፣ መሥራቹ ዳቦ ጋጋሪ ነበር አሉ። የአንድ ዓሣ አጥማጅ ቀብር ላይ የቄሱ ጀልባ ስለዘገየች፣ ሬሳው ዝም ተብሎ አይቆይም ብሎ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ መዝፈን የጀመረው እሱ ነው። አዋላጂቱም ገውዙም አልተነሡም። የዋህ መስዬ፣ አዋላጂቱስ ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው፣ ዛሬ እሷ የለችም አሉኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት እርካታ ነበር። በሥራው ሰው የሚያዘው እንደዚህ ነው፤ ያንኑ ጉዳይ በሌላ ቀን ያስወራዋል፣ ቃሉ ከተለወጠ በቃ። ከመስቀል በኋላ ክፍሉን ይለቃሉ ብሎ ቆረጠ። የት ይሄዳሉ ስትለው እናቴ፣ ወደ ኳየራቸው አላት። እናቴ ሳህኑን ሰብስባ ወጣች። እኔ ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ የዋሹ መሆናቸውን ማወቄና እንዳይሄዱ መፈለጌ እንዴት አብሮ እንደሚሆን አልገባኝም።

የእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ መብራት በሄደበት አንድ ምሽት፣ አባቴ በርጩማውን ይዞ ራሱ ማንደጃው ዳር መጣ። እናቴም ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ተከተለችው። ከመጣበት ጉዳይ በፊት የቀረበለትን በቆሎ አልነካም።

«ሚስ አይሪን፣ ከእርስዎ ጋር የምንነጋገረው ጉዳይ አለ» አለ፤ «በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያንን ኳየር የመሠረተው ማነው? ለልጄ አንድ ቀን አዋላጅ ነች ብለዋታል፣ አንድ ቀን ዳቦ ጋጋሪ ነው።»

ሚስ አይሪን ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። የተቆጡ አልመሰለኝም። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱት። ኳየሩ በድምፁ አራት ወገን ነው፤ ሁለት የሴት፣ ሁለት የወንድ፤ ወፍራሙ የሴት ድምፅ አልቶ ይባላል። እያንዳንዱ ወገን ስለ አመሠራረቱ ከእናት አባቱ የተቀበለው የራሱ ታሪክ አለው፤ የልደቱ በዓል ሲከበር አራቱም በየተራ ይነገራሉ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ማረም አይፈቀድለትም። ለእኛም ሲነግሩን የቆዩት እንደዚያው በየተራ ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው ድምፀ ወፍራሞቹ ወንዶች የሚሉት ነው፣ ሁለት ገና ይቀራል።

አባቴ ለምን ማረም ይከለከላል አለ።

«አንድ ጊዜ ትክክለኛውን እንወስን ብለን ነበር» አሉት። «ተሰበሰብን፣ ተከራከርን፣ ማስረጃ አመጣን። በቃ፣ ኳየሩ ለሁለት ተከፈለ። እናቴና አክስቴ እስኪሞቱ አልተነጋገሩም።»

«እሺ፣ እውነቱስ የቱ ነው?»

«እኔ አልቶ ነኝ፣ አቶ ታደሰ። የገውዙን አውቃለሁ። የሌሎቹን እሰማለሁ።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ መልስ በቢሮው የሚያልፍ አልነበረም፤ ቀጥሎ ምን እንደሚል ሁላችንም አውቀናል። የቀደመችው እናቴ ናት። እሳቱን እያየች፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «እስኪ ይህን ቤት አክስትህ ለምን እንደሰጡን አንተ ንገራቸው» አለችው።

አባቴ ግር ብሎት ነገራቸው። በመላ ቤተሰቡ የታወቀ ነው፦ አክስቱ ልጅ ስላልነበራቸው፣ እሱን እንደ ልጅ ስላሳደጉት፣ ስማቸውን እንዲያስጠራ ብለው አወረሱት።

«እኔ ደግሞ» አለች እናቴ፣ «አልጋ ላይ ወድቀው ሦስት ክረምት ሳገላብጣቸው፣ ይህ ቤት ያንቺ ነው፣ ለእሱ ግን አትንገሪው፣ ይከፋዋል ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፍሙ አመድ ለብሶ፣ ማንም ሳያራግበው፣ እየደበዘዘ ሄደ። አባቴን አየሁት፤ ያኔ ያየሁበትን ፊት ከዚያ በፊት አላውቀውም፤ ሲጠረጥር እንጂ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም ነበር። የቀዘቀዘውን በቆሎ አነሣና መብላት ጀመረ። ያንን ክፍሉን የመልቀቅ ጉዳይ ያን ማታም አላነሣው፣ መስቀልም ሲያልፍ አላነሣው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ማመኑንም አልተናገረም። ጥቅምት ላይ ግን ማንንም ሳያማክር ሚስ አይሪንን እድራችን ውስጥ አስመዘገባቸው።

እዚያችው ክፍል ውስጥ አሥራ ምናምን ዓመት ኖረው፣ እናቴ እጃቸውን እንደያዘች ሞቱ። የእድሩ ድንኳን የተተከለው በእኛ ግቢ ነው። ለቀስተኛው ስለ እሳቸው ሲያወራ አንዱ ጃማይካዊት ናቸው ይላል፣ ሌላው መነኩሲት ነበሩ ይላል፣ የቀድሞ ተማሪያቸው ደግሞ ጭራሽ የሐረር ሰው አደረጋቸው። ሰው ሲሳሳት ዝም ማለት የማይችለው አባቴ ሁሉንም አዳመጠ። አንድ ሽማግሌ እርስዎስ ምን ይላሉ ሲሉት፣ «እኔ በአከራይ በኩል ያለውን ብቻ ነው የማውቀው» አለና ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

ዛሬ ኢንሹራንስ ውስጥ የአደጋ ካሳ አጣሪ ነኝ። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የተጋጩ ሁለት ሾፌሮች ጠረጴዛዬ ፊት ሲቆሙ ሁለቱንም እጠረጥራለሁ፤ ይህ ከአባቴ የወረስኩት ስለሆነ አይለቀኝም፣ እንዲለቀኝም አልፈልግም። የማንደጃው ምሽቶች የጨመሩልኝ ነገር ቢኖር፣ ዋሸህ ከማለቴ በፊት የት ቆመህ ነው ያየኸው ብዬ መጠየቄ ነው። አንዳንዴ ይጠቅማል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው በእርግጥ ዋሽቶ አገኘዋለሁ።

በቅርቡ ኳየሩን በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት። እንደተባለው አለ፤ ይዘምራል። ከቪዲዮው ሥር ባለው አጭር ታሪክ ላይ መሥራቹ አስተማሪ ነበር ይላል። አዋላጅም፣ ዳቦ ጋጋሪም የለም። ሚስ አይሪን የሚባሉ አልቶም የሉም። ተናደድኩ፤ አይደለም ብዬ መጻፍ ጀምሬ አጠፋሁት። በምትኩ፣ በካዛንቺስ በኩል ደግሞ የሚነገረው እንዲህ ነው ብዬ ጀመርኩና ስለ እሳቸው የማውቀውን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፤ ዝናቡን፣ በቆሎውን፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመለሰውን ጀግና።

በማግሥቱ ከኳየሩ አንድ ሰው መልስ ጽፎልኝ አገኘሁ። ሰላምታ የለውም። አንቺ ማነሽ፣ ይህንንስ በምን እናምንሻለን ይላል። አባቴን ደውዬ ቀስቅሼ አነበብኩለትና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን።