ጋሽ አበጋዝን አማርኛ ያስረሳሁበት ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝርላቸው ኖሬ፣ እዚህች ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፋለሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ ልናገር። በጃንሆይ ጊዜ፣ መርካቶ ውስጥ፣ እኔ የአንድ ሰው ሥራ ላይ የሌላ ስም ለጥፌያለሁ።

ሰውየው ጋሽ አበጋዝ ናቸው፤ ከመንዝ መጥተው ከምን አለሽ ተራ ጀርባ በበግ ጠጉር ባና፣ ያንን ወፍራም የብርድ ልብስ፣ የሚሠሩ። ሸምነው ሲጨርሱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩትና፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ እስኪወፍር በእግራቸው ይረግጡታል። እኔ ሱቄ ውስጥ እሸጥላቸዋለሁ። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «የመንዝ ባና መሆኑን፣ የአበጋዝ እጅ መሆኑን ለገዢው ንገርልኝ።»

ይህ ከባድ ነበር? ለእኔ ከበደኝ። ገዢው ሁሉ «መንዝ» ስለው አፍንጫውን ይዞ ይሄዳል፤ ክረምቱም ሊወጣ ነው። አንድ ቀን ከውጭ በመጣ ጨርቅ ላይ ያየሁትን ስም አነሳሁና «አልፓካ ነው» አልኩ። አልፓካ የሚባለውን እንስሳ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ለአንዱ በግ ይመስላል፣ ለሌላው ግመል ይመስላል እላለሁ። ገዢው ባናውን ተሻማ።

እትዬ ብርነሽ የሚባሉ የሰፈራችን ወይዘሮ ግን ሲሠራ ካላየሁ አልገዛም አሉ። ምን ይዋጠኝ? ቀድሜ ሮጬ ጋሽ አበጋዝን «ሴትየዋ ወሬ አይወዱም፣ አደራ እንዳይናገሩ» አልኳቸውና ተመልሼ ወይዘሮዋን ይዣቸው ሄድኩ። ጋሽ አበጋዝ ባናቸውን እየረገጡ ነበር። እዚያው ፊታቸው ቆሜ «እኚህ የአልፓካን ሥራ ባሕር ማዶ የተማሩ ባለሙያ ናቸው፤ ከመቆየታቸው ብዛት አማርኛ ጠፍቶባቸዋል» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሌላ ሰው አይደለም።

እግራቸው ቆመ። አዩኝ። ሊያዋርዱኝ ቢፈልጉ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። መልሰው መርገጥ ጀመሩ።

እትዬ ብርነሽ ባናውን እያሻሹ «ሙያ እንዲህ ነው። የመንዙማ ገላ ይፍቃል፤ እነሱ የት ያውቁበታል» አሉ። የመንዝ ሰው ይህን ሰምቶ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግን አዲስ ልብስ ሳይመረቅ አይወጣምና፣ ወይዘሮዋ ገዝተው ሲነሱ ጋሽ አበጋዝን ልማድ ቀደማቸው። ጥርት ባለ አማርኛ «በጤና ይቅደዱት» አሉ። አለቀልኝ አልኩ። እትዬ ብርነሽ ግን እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «እሰይ፣ ያገር አየር ሲነካቸው መለሰላቸው» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። በገዛ ውሸቴ ላይ አሜን አልኩ።

ወይዘሮዋ እንደሄዱ ጋሽ አበጋዝ የተናገሩኝ ይህን ብቻ ነው፦ «የእኔስ አማርኛ ተመለሰ። ባናዬን ማን ወዳገሩ ይመልስልኛል?»

ዓመታት አልፈው ጋሽ አበጋዝ ሲሞቱ፣ እትዬ ብርነሽ ያንኑ ባና ተከናንበው ለቅሶ መጡና ባሕር ማዶ ስለተማሩት ሊቅ እያነሱ አለቀሱ። ከመንዝ የመጡት የጋሽ አበጋዝ ዘመዶች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው እንዴ?» አለኝ። እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ ብዬ።

ገበያው ነው፣ ክረምቱ ነው አልልም። እኔ ነኝ። የመንዝ ባና ነው፤ የአበጋዝ እጅ ነው። ለገዢው ንገርልኝ ያሉኝን፣ ሠሪውም ገዢዋም ካለፉ በኋላ ይኸው ነገርኩ።