ዓሣው እንዳይሰማ

በዚያ ዓመት «ክልል» የሚለው ቃል ገና ከአፋችን ጋር አልተላመደም ነበር። የጋምቤላ ቢሮዎች ሰሌዳ እንደ አዲስ ተጽፎ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ይጠጣ ነበር። የምኖረው ከታላቅ እህቴና ከልጇ ጋር ነበር። እሷ ነርስ ናት። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ፣ የቀረውን ንባብ፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝ።

ልጁ ሦስተኛ ክፍል ነበር። በትምህርት ቤቱ ንባብ ማለት ክፍሉ በሙሉ አስተማሪውን እየተከተለ በአንድ ድምፅ መጮህ ነው። ቤት ሲያነብም አንድ ቃል አይስትም። አንድ ቀን ግን ዓይኑ በሩ ላይ እንደሆነ ልብ አልኩ። መስመሮቹን በእጄ ሸፈንኩ፤ ንባቡ ቀጠለ። ሌላ ገጽ ገልጬ ሥዕሉን ስሸፍንበት ግን ዝም አለ፤ ለካ በቃሉ ነው የያዘው። እናቱ ቆማ ታይ ነበር።

«እስከ ፋሲካ አንብቦ ካላሳየኝ ጎሬ አያቱ ዘንድ እልከዋለሁ፤ እዚያ የሚውልበት ባሮ ወንዝ የለም» አለችኝ።

ያለ እሱ ያን ቤት ማሰብ አልቻልኩም።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የሚሄደው ከድሮው ወደብ በታች፣ አንድ አኙዋክ ሽማግሌ መንጠቆ የሚጥልበት ማንጎ ሥር ነበር። አንድ የተረት መጽሐፍ ተውሼ ተከተልኩት። ሥዕል የለውም፤ የተገነጠለ ጀርባውን በሲባጎ ሰፍቼዋለሁ። ልጁ ጮክ ብሎ ሲጀምር ሽማግሌው ክሩን ሳይለቅ ዞረ።

«እዚህ ወሬ የለም። ዓሣ ይሰማል።»

ስለዚህ ንባቡ በዓይን ብቻ ሆነ። ያላወቀው ፊደል ሲገጥመው ክንዴን ይነካኛል፤ በጆሮው እተነፍስለታለሁ። ውሃው ጎድሎ አሸዋው ይታያል። ማዶ የሚታጠቡ ሰዎች ሳቅ ዘግይቶ ይደርሰናል፤ ጀልባ ያልፋል፤ የማንጎው ጥላ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው ይሻገራል። ውሎ አድሮ ክንዴን መንካቱን ተወ። አንብቦ ይሁን አንቀላፍቶ ማወቅ አልቻልኩም።

በሆሳዕና ማግስት እህቴ ጋዋኗን ሳታወልቅ ወንዙ ዳር ወረደች።

«አንብብልኝ» አለችው።

«እማዬ፣ እዚህ አይፈቀድም» አለ በሹክሹክታ።

እኔን አየችኝ፤ እኔ ውሃውን አየሁ። ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ አንድ ገጽ ገለጠ፣ ቆየ፣ ከዚያ ሳቅ አመለጠው። ሽማግሌው በቋንቋው አጉረመረመ። ልጁ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አኑሮ ለእናቱ አሳያት፤ አንዲት ጦጣ ፀጉር ቤት ወረፋ ይዛ፣ ተራዋ ሲደርስ «ከየት እንጀምር?» የተባለችበት ነው። ያን ገጽ ማንም አንብቦለት አያውቅም።

እህቴ አነበበችው። አፏን በእጇ ብትይዝም ሳቋን መቻል አቃታት። ሽማግሌው መንጠቆውን ሰብስቦ፣ ከሦስት ዛፍ ወዲያ ሄዶ ተቀመጠ።

ስለ ጎሬ ዳግመኛ አላነሳችም። ከዚያ ወዲያ ያን ቀን የተናገረችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም በሹክሹክታ።

«ገጹን ገልብጠው እንጂ፣ እኔ ጨርሻለሁ።»