የሰይድ ግንባር፤ ከሐርቡ ደሴ ደርሶ መልስ

ንጋት፣ ሐርቡ

ጎህ ሲቀድ ተነሳን። እህቴ ዘሐራ የአራት ዓመት ልጇን ሰይድን አዝላዋለች። ባሏ ለሥራ ጅዳ ከሄደ ወዲህ የቤቱ አዛዥ አማቷ አባ ይማም ናቸው። ደጅ ድረስ ወጥተው ዱዓ አደረጉልን።

ከሰይድ ግንባር መሐል ተነስቶ እስከ አናቱ የሚወጣ የአጥንት ሸንተረር አለ። የታየው በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ለልደቱ የሚታረደው አቂቃ ሲወጣ፣ ፀጉሩ የተላጨ ዕለት ነው። አባ ይማም በጣታቸው ዳስሰው «ይኼ በረካ ነው፤ ልጁ ዓሊም፣ የዲን ሊቅ ይሆናል» አሉ። ሽማግሌ የመረቀውን ግንባር ማን ለሐኪም ያሳያል? ሰፈሩም «ሼኪው» አለው። አሁን የምንወስደው ራሱን እያመመው ስለሚያለቅስ፣ ሲሄድም ከዕቃ ጋር ስለሚጋጭ ነው።

ረፋድ፣ ኮምቦልቻ

ሚኒባሱ ላብና ፓፓያ ይሸታል። አብራን የተሳፈረች የሐርቡ ጎረቤት መናኸሪያው ላይ ስትወርድ «ማሻአላህ፣ ሼኪው! ለእኔም ዱዓ አድርግልኝ» ብላ ግንባሩን ሳመችው። ዘሐራ ፈገግ አለች። ሻይ በፓስቲ ቀምሰን የደሴውን መኪና ያዝን።

የሃረጎን አቀበት ስንያያዘው ሾፌሩ በመስታወት አየን።

«ልጁ ምን ሆኖ ነው?»

«ራሱን ያመዋል» አልኩ።

«እንኳን ይዛችሁት ወጣችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

ዘሐራ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ከታች ኮምቦልቻ የፋብሪካዎቿን ቆርቆሮ ፀሐይ ላይ አስጥታ ትታያለች።

ቀትር፣ ደሴ

ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሸፍኖታል። ሐርቡ ላይ ያወለቅነውን ሹራብ እዚህ መልሰን ለበስን።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የሰይድን ራስ በእርጋታ ዳሰሰች፣ ዓይኖቹን በመብራት መረመረች።

«የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች አንጎሉ እስኪያድግ ክፍተት ይኖራቸዋል። የእሱ ቀድመው ተጋጥመዋል፤ ይኼ ሸንተረር ምልክቱ ነው። አንጎሉ ቦታ አጥቶ የዓይኑ ነርቭ ተጎድቷል። ግራ ዓይኑ አይመለስም። ቀኙን ለማትረፍ አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ አለበት።»

«ጨቅላ ሳለ ብናመጣውስ ኖሮ?» አለች ዘሐራ።

«ይሻል ነበር» አለች ሐኪሟ።

ፒያሳ ምሳ አዘዝኩ፤ እህቴ ግን አልቀመሰችም። በማን እንደምቆጣ ጠፋኝ፤ ልጁን ሁሉም ይወዱታል፣ በክፋት ያደረገው የለም።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሐርቡ

አባ ይማም ከመስጊድ ተመልሰው ደጅ ላይ ይጠብቁናል። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

«ምን አለ ሐኪሙ? ዘገየን ወይ?»

ዘሐራ አየችኝ። ልጇን አቅፈው ያሳደጉ ሰው ናቸውና መጨከን አቃታት።

«የለም አባ፣ አልዘገያችሁም ነው ያለችን። አዲስ አበባ ሲሄድ ይድናል።»

«አልሐምዱሊላህ!» እፎይ አሉ። «እንዲያማ ከሆነ ምን ያጣድፈናል? ማሽላው ይሰብሰብ፤ አባቱም ለዒድ ይመጣል። ያኔ ይወሰዳል።»

እህቴ ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ ተወችው።

«አባ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ወላሂ ዘግይተናል። ግራ ዓይኑ ጠፍቷል፤ ከቆየን ቀኙም ይሄዳል።»

ሽማግሌው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ሰይድን ጠርተው ፊት ለፊታቸው አቆሙትና ቀኝ ዓይኑን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ሼኪው፣ ታየኛለህ?»

ልጁ ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«አባባ፣ የት ሄድህ?»